ከቋሊማ ልባስ እስከ ሰው ሠራሽ ልብ፦ የዶክተር ቪለም ኮልፍ ሕይወት

በቤተሰባችን ወይም በጎረቤታችን ኩላሊቱ የደከመ ሰው ያለን ሁሉ የኩላሊት እጥበት ምን እንደሆነ እናውቃለን። በሽተኛው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዶ ለሰዓታት ከማሽን ጋር ተያይዞ ይቀመጣል፤ ደሙ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ተመልሶ ይገባል። ስለ ክፍያው፣ ስለ ወረፋውና ስለ ድካሙ ብዙ ይወራል። ማሽኑን መጀመሪያ የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ግን ሲነሳ አይሰማም። እኚህ ሰው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ዮሐን ኮልፍ ናቸው። ኩላሊቱን ከሠሩ በኋላ አርፈው አልተቀመጡም። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በሰው ደረት ውስጥ የሚመታ ሰው ሠራሽ ልብ ያስገባውን ቡድን የመሩትም እሳቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንጠይቃለን።

ኮልፍ በ1911 ላይደን በምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ ቤክበርገን በሚባል ቦታ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚያርፉበትን ተቋም ያስተዳድሩ ነበር። በዚያ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ምግብና ዕረፍት መስጠት ብቻ ነበር። አባት የታካሚዎቻቸውን ጭንቀት ይዘው ወደ ቤት ይገቡ ስለነበር፣ ትንሹ ቪለም ሐኪም መሆን ፈጽሞ አልፈለጉም፤ ሰው ሲሞት ማየት አስፈርቷቸው ነበር። ምኞታቸው የአራዊት ማቆያ ኃላፊ መሆን ነበር። አባታቸው ግን በአገሪቱ ያሉት እንዲህ ዓይነት ማቆያዎች ሦስት ብቻ እንደሆኑና ሥራው በቀላሉ እንደማይገኝ አስረዷቸው።

በትምህርትም ቢሆን ቀላል ልጅ አልነበሩም። ዛሬ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብና የጽሕፈት ችግር ነበረባቸው። ያን ጊዜ ይህን ችግር በስሙ የሚያውቀው መምህር ጥቂት ስለነበር ልጁ እንደ ሰነፍ ይታይ ነበር። እጃቸው ግን ሥራ ይወድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አናጢ ዘንድ እየሄዱ እንጨት መላግና ማጋጠም ተማሩ። ወላጆች ይህችን ነገር ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል፤ ከዓመታት በኋላ የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈው በዚህ የእጅ ሙያ ጭምር ነውና።

የሆነው ሆኖ ኮልፍ ሐኪም ሆኑ። በ1938 በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወጣት ረዳት ሐኪም ሳሉ ከተሰጧቸው ጥቂት አልጋዎች በአንዱ ላይ የ22 ዓመት ወጣት ተኝቶ ነበር፤ የገበሬ ልጅ። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። ቆሻሻው በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ እየጠፋ ነው፣ ራሱን ያመዋል። ምንም ሊደረግለት አልቻለም። ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ እናቱን አስቀምጦ አንድ ልጃቸው እንደሚሞት የመንገር ተራ የደረሰው ለኮልፍ ነበር። በልጅነታቸው የሸሹት ነገር መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ ወጣት ደም ውስጥ ኩላሊት ማውጣት ያቃተውን ዩሪያ በየቀኑ ሃያ ግራም ያህል ማውጣት ቢቻል ልጁ አይሞትም ነበር።

መልሱን ያገኙት ሥጋ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሮበርት ብሪንክማን የሚባሉ የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ስለ ሴሎፎን ነገሯቸው። ሴሎፎን በዚያን ጊዜ ቋሊማ የሚታሸግበት ቀጭን ልባስ ነው። ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ የደም ሕዋሳትና ፕሮቲን አያልፉባቸውም፣ ዩሪያን የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ግን ያልፋሉ። ተማሪዎቻችን በባዮሎጂ ክፍል ዲፊውዥን ብለው የተማሩት ይኸው ነው፤ ነገሩ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል። ኮልፍ በልባሱ ውስጥ ዩሪያ የተቀላቀለበት ጥቂት ደም ሞልተው ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ወዘወዙት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዩሪያው አብዛኛው ወደ ውኃው ወጥቶ ተገኘ።

ይህ ገና በጅምር ላይ ሳለ ጦርነት መጣ። በሜይ 1940 ጀርመን ሆላንድን ስትወር ኮልፍ ለቤተሰብ ቀብር ዘ ሄግ ከተማ ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ከተማዋን ሲደበድቡ ቀብሩን ትተው በቀጥታ ወደ ከተማዋ ዋና ሆስፒታል ሄዱና ደም ባንክ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ጠየቁ። መኪናና አጃቢ ወታደር ተሰጣቸው፤ ጥይት በሚተኮስበት መንገድ እየዞሩ ጠርሙስ፣ ቱቦና መርፌ ገዙ። በአራት ቀን ውስጥ የደም ባንኩ ሥራ ጀመረ። በአውሮፓ ዋና ምድር የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

ወደ ግሮኒንገን ሲመለሱ ግን የሚወዷቸው አለቃ ፕሮፌሰር ፖላክ ዳንኤልስ አልነበሩም። አይሁዳዊ ነበሩ፤ አገራቸው በተያዘች ሰሞን እሳቸውም ባለቤታቸውም ሞተዋል። በቦታቸው የናዚ ደጋፊ ተሾመ። ኮልፍ ከዚያ ሰው ጋር ላለመሥራት ዩኒቨርሲቲውን ትተው ካምፐን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ሄዱ። እንግዲህ የዓለም የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ኩላሊት የተሠራው ዩኒቨርሲቲ በሌለበት ከተማ፣ በጦርነት መካከል፣ ዕቃ ሁሉ በጠፋበት ጊዜ ነው። በካምፐን የኤናሜል ዕቃ ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ሄንድሪክ በርክ አብረዋቸው ሠሩ። ከእንጨት ርብራብ ትልቅ በርሜል የመሰለ ከበሮ አበጁ፤ ሃያ ሜትር ያህል የሴሎፎን ቱቦ ዙሪያውን ጠመጠሙበት። ከበሮው ግማሽ ጎኑ መቶ ሊትር በሚይዝ የኤናሜል ገንዳ ውስጥ እየነከረ ይሽከረከራል፤ ደሙም በቱቦው ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ይጓዛል። የሚሽከረከረውን ከበሮ ከማይንቀሳቀሰው ቱቦ ጋር ደም ሳይፈስ ማገናኘት ትልቅ ጣጣ ነበር። መፍትሔው የተቀዳው ከፎርድ መኪና የውኃ ፓምፕ ነው።

በማርች 1943 የመጀመሪያዋ ታካሚ የ29 ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆነች። ማሽኑ ሠራላት፤ ከእጥበት በኋላ አእምሮዋ ይጠራ ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ደም ለማውጣት አንድ የደም ሥር ተቆርጦ ይበላሽ ስለነበር፣ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በኋላ የሚያገለግል የደም ሥር አልቀረም። ሞተች። ከእሷ በኋላ የመጡትም፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ ሁሉም ሞቱ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንዲህ ቀጠለ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል በችኮላ አልፎ ወደ ድሉ ይሄዳል፤ እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም ብንል ይሻላል። ያ ሁሉ ታካሚ የመጣው ሌላ ተስፋ ሲያጣ ነበር። እያንዳንዱ ሞትም ኮልፍን አንድ ነገር ያስተምራቸው ነበር፤ የሄፓሪኑ መጠን፣ የጨው ልክ፣ የደም ግፊት። በጎን ደግሞ ጀርመኖች ለግዳጅ ሥራ የሚፈልጓቸውን ሰዎች በሽተኛ አስመስለው ሆስፒታል በማስተኛት ብዙዎችን ደብቀዋል። ማሽኖቹንም ቦምብ እንዳያጠፋቸው በተለያየ ቦታ አስቀምጠው ነበር።

በሴፕቴምበር 1945፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ራሷን ስታ የተኛች የ67 ዓመት ሴት መጣች። ያመጧት ከእስር ቤት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የናዚዎች ደጋፊ ስለነበረች የከተማው ሰው ይጠላታል፤ ብትሞት የሚያዝንላት አልነበረም። ኮልፍም ናዚዎችን ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሆኖም ከማሽኑ ጋር አገናኟት። ከአሥራ አንድ ሰዓት እጥበት በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ ኩላሊቷም አገግሞ ሰባት ዓመት ኖረች። በሰው ሠራሽ ኩላሊት መዳኗ የተረጋገጠ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ኮልፍ በማሽኑ ላይ የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም። የሠሯቸውን ማሽኖች በለንደን፣ በኒው ዮርክ፣ በሞንትሪያልና በፖላንድ ላሉ ሆስፒታሎች በነጻ ላኩ፤ አሠራሩንም ለጠየቃቸው ሁሉ ሰጡ።

ከኩላሊት ወደ ልብ ያሻገራቸው አንድ ትንሽ ትዝብት ነው። ከታካሚው የወጣው ደም ወደ ቱቦው ሲገባ ጠቆር ያለ ነበር፤ ሲወጣ ግን ቀልቶ አዩት። ከበሮው ሲሽከረከር በሴሎፎኑ በኩል ኦክሲጅን እየገባ ነበር ማለት ነው። ኩላሊትን የሚተካ ማሽን ሳያስበው የሳንባንም ሥራ ጀምሯል። ታዲያ ሳንባ ከተቻለ ልብስ ለምን አይቻልም?

በ1950 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ወደሚባለው ሆስፒታል ተሻገሩ። እዚያ ከጭማቂ ቆርቆሮና ከመስኮት ወንፊት የተነሳ ርካሽ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠሩ። በ1957 ደግሞ ከጃፓናዊው ዶክተር ቴትሱዞ አኩትሱ ጋር የአንድ ውሻ ልብ አውጥተው በምትኩ በአየር ግፊት የሚሠራ የፕላስቲክ ልብ ተከሉ። ውሻው ለአንድ ሰዓት ተኩል ኖረ። ለፍትሕ ሲባል በሶቭየት ኅብረት ቭላዲሚር ዴሚኮቭ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1937፣ ተመሳሳይ ሙከራ በውሻ ላይ ማድረጋቸውን መጥቀስ ይገባል፤ የምዕራቡ ዓለም ግን ስለ እሳቸው እምብዛም አያውቅም ነበር።

ልብን መተካት ኩላሊትን ከመተካት ለምን ይከብዳል? ኩላሊቱ የቆመ ሰው ቀናት ይቆያል፤ ማሽኑም ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ሥራውን ጨርሶ ያርፋል። ልብ ግን ዕረፍት የለውም። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል፤ በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ደግሞም አንድ ፓምፕ ሳይሆን ሁለት ነው፤ የቀኙ ደሙን ወደ ሳንባ፣ የግራው ወደ መላ ሰውነት ይልካል፤ ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ሳንባ በደም ይጥለቀለቃል። በዚያ ላይ ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል። የረጋችው ቅንጣት ወደ አንጎል ከሄደች ሰውየው ሽባ ይሆናል። ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚታገሉት ከዚህ ችግር ጋር ነው።

ኮልፍ በ1967 ወደ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሰው ሠራሽ የአካል ክፍሎች የሚሠሩበትን ማዕከል አቋቋሙ። ወጣት መሐንዲሶችን፣ የእንስሳት ሐኪሞችንና ቀዳጆችን ሰበሰቡ። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የሚሠራው ልብ የሚሰየመው በአለቃው ሳይሆን ሥራውን በያዘው ወጣት ስም ነው። በሮበርት ጃርቪክ ስም የሚታወቀው ልብ ስሙን ያገኘው በዚህ ደንብ ነው። የኮልፍ ስም ከሕዝብ ጆሮ የራቀበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሙከራው የሚደረገው በጥጆች ላይ ነበር፤ ደረታቸው የሰውን ልብ ለሚያህል መሣሪያ ይበቃልና። ችግሩ ጥጃ ቶሎ ያድጋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የተተከለው ልብ ለሰውነቱ ያንሰዋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከነዚያ ጥጆች አንዱ በሰው ሠራሽ ልብ 184 ቀን ኖረ። ቆሞ ይበላ ነበር። የዚህ ጥጃ ስም አበበ ነበር። እኛ ይህን ስም ስንሰማ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን የሮጠው ሻምበል አበበ ቢቂላ ወዲያው ትዝ ይለናል፤ ለብዙ ርቀት መቆየት ላለበት ልብ ከዚህ የሚስማማ ስም አይገኝም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ጥጃ 268 ቀን ሲኖር ቡድኑ ወደ ሰው ለመሄድ ተዘጋጀ።

የመጀመሪያው ሰው ባርኒ ክላርክ ናቸው፤ በሲያትል አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የ61 ዓመት የጥርስ ሐኪም። የልባቸው ጡንቻ ተዳክሞ ከአልጋ ወደ መታጠቢያ ቤት መሄድ እንኳን ይከብዳቸው ነበር። የሰው ልብ ንቅለ ተከላ በዚያን ጊዜ በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው አይደረግም። ወደ ዩታ መጥተው ጥጆቹን በዓይናቸው አይተዋል። የስምምነቱ ሰነድ አሥራ አንድ ገጽ ሲሆን አንድ ቀን አስበውበት እንደገና እንዲፈርሙ ተደርጓል። ክላርክ ለራሳቸው ረጅም ዕድሜ ያገኛሉ ብለው አልጠበቁም፤ ከእሳቸው በኋላ ለሚመጡት ትምህርት እንዲሆን ፈልገው ነበር።

ሁኔታቸው ስለባሰ ቀዶ ሕክምናው በዲሴምበር 1 ቀን 1982 ሌሊት ተጀምሮ በማግስቱ ጠዋት አለቀ። ቀዳጁ ዶክተር ዊልያም ዴቭሪስ የልቡን ሁለት ታችኛ ክፍሎች ቆርጠው አወጡ፤ በቀሩት ላይኛ ክፍሎች ላይ ቀለበት ሰፉና የፕላስቲኩን ልብ ገጠሙ። ከጎድን አጥንት በታች የሚወጡ ሁለት ቱቦዎች 170 ኪሎ ከሚመዝን የአየር መጭመቂያ ጋር ያገናኙታል። ክላርክ ወደየትም ቢንቀሳቀሱ ያ ማሽን አብሯቸው መገፋት ነበረበት። ባለቤታቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልባቸው ሲወጣ ለእሷ ያላቸው ፍቅርም አብሮ ይወጣ እንደሆነ ሐኪሞቹን እንደጠየቁ ይነገራል። ጥያቄው ለእኛ አያስቅም። በአማርኛም ልብ ደም መግፊያ ብቻ አይደለም፤ ልብ ማለት አለ፣ ልበ ሙሉ አለ፣ ልበ ቢስ አለ። ክላርክ ሲነቁ ፍቅራቸው ከቦታው እንዳልተነቃነቀ ለባለቤታቸው አስታወቁ።

112 ቀን ኖሩ። ቀላል ቀናት አልነበሩም። አንድ ቫልቭ ተሰብሮ እንደገና ደረታቸው ተከፈተ፤ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያዛቸው፤ ነስር አላቆም አለ፤ አንዳንድ ቀን አእምሯቸው ይጠፋ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ተቀምጠው ቀልድ ያወሩ ነበር። ኮልፍ ከመጀመሪያው ያስቀመጡት ሁኔታ ነበር፤ ሰውየው በሕይወቱ ደስታ ካጣ ማሽኑ እስረኛ ሊያደርገው አይገባም። ስለዚህ የማሽኑን ማጥፊያ ቁልፍ ለክላርክ ሰጥተዋቸው ነበር። ክላርክ አልተጠቀሙበትም። በማርች 23 ቀን 1983 ሌሎቹ የሰውነታቸው ክፍሎች ሁሉ ሲደክሙ አረፉ። የፕላስቲኩ ልብ ግን እስኪያጠፉት ድረስ ይሠራ ነበር።

ጋዜጦች ዓለምን ካጥለቀለቁ በኋላ ነቀፋ መጣ። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ሰው ከሚወጣ ለክትባትና ለንጹሕ ውኃ ቢውል ምን ነበር ያሉ ነበሩ። የሰውየውን ስቃይ ያዩም ሙከራው ይቁም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ በእኛ አካባቢ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሉዊቪል ከተማ ሁለተኛው ታካሚ 620 ቀን ቢኖርም በተደጋጋሚ ስትሮክ ተመቷል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ክላርክን እንደ ተበደለ ሰው ብቻ ማየት እሳቸውን ማሳነስ ነው፤ አስበውበት፣ አውቀው፣ ፈርመው የገቡበት ነውና።

በኋላ ሐኪሞች የተሻለ አጠቃቀም አገኙለት። ሰው ሠራሽ ልብን ለዘለቄታ ከመትከል ይልቅ፣ የሁለቱም ጎን ልባቸው የደከመና የሰው ልብ የሚጠብቁ ሕሙማን እስኪደርሳቸው ድረስ እንደ ድልድይ ማገልገል ጀመረ። የክላርክ ልብ ዝርያ የሆነው መሣሪያ ከአንድ ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች ተተክሏል። 170 ኪሎ የነበረው ማሽን ዛሬ ስድስት ኪሎ ገደማ ሆኖ በጀርባ ቦርሳ ይያዛል፤ በሚሺጋን አንድ ወጣት ቦርሳውን አዝሎ 555 ቀን ከኖረ በኋላ የሰው ልብ ተተክሎለታል። በ2024 ሂዩስተን ውስጥ መጀመሪያ የተተከለው አዲስ ዓይነት ልብ ደግሞ አይመታም፤ በማግኔት ኃይል በአየር እንደተንሳፈፈ ያለ አንድ ዲስክ እየተሽከረከረ ደሙን ይገፋል።

እግረ መንገዳችንን ለወላጆች አንድ ነገር እናንሳ። በኢትዮጵያና በአካባቢው ወጣቶችን ለልብ ድካም ከሚዳርጉት ዋነኛው በጊዜ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የልብ ቫልቭ ጉዳት ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፣ በተለይም ትኩሳት ካለው፣ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ፔኒሲሊን ከየትኛውም ሰው ሠራሽ ልብ እጅግ ይረክሳል።

ዶክተር ኮልፍ በዩታ እስከ 86 ዓመታቸው ሠሩ። ከአምስት ልጆቻቸው አንዱ የልብ ቀዳጅ ሐኪም ሆነ። በ2002 በሕክምና ምርምር ከፍተኛ ክብር ያለው የላስከር ሽልማት ከዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ጋር ተሰጣቸው፤ ስክሪብነር ያ የካምፐኗ ወጣት ሴት የሞተችበትን የደም ሥር ችግር የፈቱ ሐኪም ናቸው። ኮልፍ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2009፣ 98 ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በፔንሲልቬንያ በሚገኘው መኖሪያቸው አረፉ።